ከተጨማሪው ትራክተር በፊት፤ ወደ መሣሪያው ስለሚሄድ የጥገና መኪና

ለእርሻ ሥራ ብርቱ መሣሪያ መግዛት መልካም ነገር መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። በሬና ሞፈር ብቻቸውን በማይዘልቁት ሰፊ ማሳ ላይ ትራክተር ሲያርስ፣ የደረሰውን ስንዴ ኮምባይነር ሲያጭድና ሲወቃ፣ ቡልዶዘርም ገደሉን ንዶ የእርሻ መንገድና የውሃ ቦይ ሲያበጅ ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን መሣሪያ እንደ በሬ አይደለም። በሬ ቢደክም ዐርፎና ሣር ግጦ ይበረታል፤ መሣሪያ ግን አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ዐዋቂ እጁን እስኪያገባበት ድረስ ዓመት ቢቆይም ከዝገት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ መሣሪያ የገዛ ሰው ግዥውን ፈጸመ የሚባለው፣ መሣሪያው በተሰበረበት ስፍራ ደርሶ የሚያድነውን ነገር አብሮ ያሰናዳ እንደ ሆነ ነው። በየአገሩ ላሉት አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ሰፊ እርሻዎች ሊቀርብ የሚገባው ምክር እንግዲህ ይህ ነው፤ ብዙ መሣሪያ ባለበት አገር፣ በእጅ ያለው ገንዘብ ወይ አንድ ተጨማሪ ትራክተር ወይ አንድ የጥገና መኪና ለመግዛት ብቻ የሚበቃ ሲሆን፣ አስቀድሞ የጥገናውን መኪና መግዛት ይሻላል።

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በጉለሌ፣ ጳውሎስ ተብሎ በሚጠራው ሰፈር የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል። በእግሩ መሄድ ወይም በመኪና መጫን የሚችል በሽተኛ ከየአገሩ ወደዚያ ይመጣል። ከተኛበት ቢያነሡት የሚብስበት በሽተኛ ሲያጋጥም ግን ሐኪሙ መድኃኒቱን ይዞ ወደ በሽተኛው መሄድ ግድ ይሆንበታል። በማሳ ላይ የተሰበረ ከባድ መሣሪያ እንደዚህ ያለው በሽተኛ ነው። 20 ቶን የሚመዝን ባለ ሰንሰለት ቡልዶዘር በአስፋልት ላይ በገዛ ራሱ ሊጓዝ አይገባውም፤ ቢጓዝ መንገዱንም ራሱንም ያበላሻል። ሎቤድ በሚባለው ዝቅተኛ ተሳቢ ላይ መጫን አለበት፤ ለመጫንም የገዛ ሞተሩ መሥራት፣ አለዚያም ሌላ ጉልበተኛ መሣሪያ መጥቶ ሊጎትተው ያስፈልጋል። እንዲህ እየሆነ ጥቂት ብር የማይፈጅ ስብራት ለማስጠገን፣ ለማጓጓዣ ብቻ የስብራቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚሆን ገንዘብ ይወጣል።

ጳውሎስ ለዚህ አገልግሎት የተመቸ ስፍራ መሆኑን ካርታ የተመለከተ ሁሉ ይረዳዋል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲወጡ በአስኮና በቡራዩ አልፎ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ይገኛል፤ ወደ ሰሜን ሲወጡ ደግሞ በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታና ወደ ፍቼ፣ ከዚያም የዓባይን በረሓ ወርዶና ወጥቶ ወደ ደጀንና ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው መንገድ አለ። ሁለቱም መንገዶች የስንዴና የጤፍ አገር ያቋርጣሉ። ከሆስፒታሉም ብዙ ሳይርቅ፣ በ1930ዎቹ የተከፈተውና ኋላ የቴክኒክ ሙያ ማስተማሪያ የሆነው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ይገኛል። ሁለት ዋና መንገዶችና የእጅ ሙያ ትምህርት በአንድ ሰፈር ተገናኝተዋል ማለት ነው። ለጥገና መኪና ማደሪያ የሚፈልግ ሹምም በአገሩ ይህን የመሰለ ስፍራ ይምረጥ፤ መኪናውን በጽሕፈት ቤት አጥር ውስጥ ከማቆም ይልቅ መንገዶች በሚገናኙበት፣ ሙያ ያለው ሰውም በሚገኝበት ስፍራ ማሳደር ይጠቅማል።

ሥራ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ስብራት አይደለም። የሃይድሮሊክ ቱቦ ይፈነዳል፤ ኩሽኔት ይበላል፤ ቺንጋ ይበጠሳል፤ ፊልትሮ በአቧራ ይደፈናል፤ ቡሎን ይቆረጣል። ለምሳሌ ደጀን አጠገብ በማጨድ ላይ ያለ ኮምባይነር ቱቦው ቢፈነዳ፣ ረዳቱ የተቀደደውን ቱቦ በከረጢት ይዞ 230 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ በማግሥቱ መርካቶ ወርዶ አምሳያውን ሲያፈላልግ ይውላል፤ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ያመጣው ቱቦ አንዲት ጣት ያህል ቢያጥር ወይም የአፉ ጥርስ ባይገጥም ጉዞው እንደገና ይጀመራል። ቱቦ ቆርጦ አፉን የሚጨምቅ ፕሬስ የያዘ የጥገና መኪና ግን ያንኑ ቱቦ በማሳው ዳር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሠራዋል። በነዚያ ሦስት ቀኖች ስንዴው ቆሞ ይጠብቃል፤ ያለ ወራቱ የሚመጣው የኅዳርና የታኅሣሥ ዝናብ ግን አይጠብቅም። የደረሰው እህል ይረግፋል፤ የራሰውም በዛላው ላይ ሳለ ይበቅላል። የዓመት ድካም በአንድ ቱቦ ምክንያት ጠፋ ሲባል መስማት ለገበሬው መራራ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይገባል። አንድ አውራጃ 12 ትራክተሮች ቢኖሩትና የእርሻው ወራት 60 ቀን ቢሆን፣ እያንዳንዱ ትራክተር በብልሽት 10 ቀን ብቻ ቢቆም የጠፋው ቀን 120 ይሆናል። ይህም ሁለት ትራክተሮች ወራቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይሠሩ ቆመው እንደ ከረሙ ይቆጠራል። የጥገናው መኪና ይህን ኪሣራ በግማሽ ብቻ ቢያጎድለው፣ አውራጃው አንድ ትራክተር እንደ ገዛ ያህል ተጠቀመ፤ ሌላ ነጂ ሳይቀጥር፣ ዓመት ዓመት የሚመለስ ትርፍም አገኘ። ለመኪናው ከነመሣሪያው የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ትራክተር ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን ጥቅሙ በአንድ ወራት የሚያልቅ አይደለም። በወቅቱ ዘይቱ የተለወጠለትና ግራሶ የተቀባ መሣሪያ ዕድሜው ይረዝማልና።

በአገራችንም መሣሪያ ከጠጋኙ ቀድሞ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውን፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመውን በእንፋሎት የሚሠራ መሣሪያ የአዲስ አበባ ሰው ለረጅም ዘመን ሲያስታውሰው ኖረ። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴር ከነርሱ አንዱ ሆኖ ለከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ተሰጠ። በጣልያን ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራ ካሚዮንና ጋራዥ በዛ፤ እስከ ዛሬ መካኒኮቻችን ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ክሪክ፣ ቶርኖ እያሉ የሚጠሩባቸው ስሞች ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ግን የሚጠግነው ሰውና ገንዘብ ስላልተገኘ መንገዱ እየፈረሰ ሄደ። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ስትበደር፣ የብድሩ ዋና ምክንያት የተበላሸውን መንገድ ማደስና መጠበቅ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የተሠራን ነገር መጠበቅ አዲስ ነገር ከመሥራት የሚያንስ ሥራ አይደለም።

በውጭ አገርም ነገሩ እንዲሁ ነበር። በካሊፎርኒያ ቤንጃሚን ሆልት በ1897 ዓ.ም. ባለ ሰንሰለት ትራክተሩን በጭቃማ እርሻ ላይ ከሞከረ በኋላ እንዲህ ያለው መሣሪያ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ሠራዊቶች የተሰበረውን ሁሉ ወደ ኋላ መጎተት እንደማይችሉ ስላወቁ ቶርኖና ትራፓኖ በካሚዮን ላይ ጭነው መሣሪያው ወደ ቆመበት ይልኩ ጀመር። ለጦር የጠቀመው ሥርዓት ለእርሻ የማይጠቅምበት ምክንያት የለም።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያስቸኩላል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ስለ ተፈቀደ፣ በመስኖም የሚለማው የቆላ ስንዴ ስለ በዛ፣ በየአገሩ የትራክተርና የኮምባይነር ቁጥር ጨምሯል። መሣሪያ በገባ መጠን ጠጋኙ ካልተከተለ፣ የዛሬው ግዥ የነገ የብረት ክምር ይሆናል።

እንግዲህ መኪናው እንዴት ሊሰናዳ እንደሚገባው መናገር ያስፈልጋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጭነት መኪና ላይ አንድ ሣጥን ቁልፍ አስቀምጦ «የጥገና መኪና» ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው።

አንደኛ፣ ክብደቱ ይመዘን። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 16 ቶን የሆነ መኪና ሻንሲው ብቻ 6 ቶን ቢሆን፣ አካሉና ክሬኑ 4 ቶን ቢወስዱ፣ ለዘይት፣ ለመሣሪያና ለመለዋወጫ የሚተርፈው 6 ቶን ነው፤ ከዚህም ከ5 ቶን በላይ ባይጫን ይመረጣል። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ግራና ቀኙ ተመዛዝኖ ይቀመጥ። ክብደቱ ወደ ላይ ወይም ወደ አንድ ጎን ያደላ መኪና የዓባይን በረሓ ሲወርድ አደጋው የታወቀ ነው። ባሌስትራውም ለጭነቱ የሚበቃ፣ ጎማዎቹም ሁሉ በሞተር የሚዞሩ ቢሆኑ ለክረምት ጭቃ ይበጃል።

ሁለተኛ፣ ክሬን ይኑረው፤ የክሬን ኃይል ግን እጁ በረዘመ ቁጥር እንደሚቀንስ ነጂው ይወቅ። በ2 ሜትር ርቀት 3 ቶን የሚያነሣ ክሬን በ6 ሜትር ርቀት ከ1 ቶን በላይ ሊያነሣ አይችልም። እግሮቹ ሳይዘረጉ፣ በእግሮቹም ሥር ወፍራም ሳንቃ ሳይነጠፍ በታረሰ መሬት ላይ ማንሣት ሰው መግደል ነው።

ሦስተኛ፣ ኮምፕሬሰሩና ጄኔሬተሩ ለደጋ የሚበቁ ይሁኑ። ጉለሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተርም በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ ያህል ኃይል ያጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ «በቂ» የተባለው ሞተር በሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲያቃስት ይገኛል። ገዥው ክፍል ይህን አስቀድሞ አስቦ ከፍ ያለውን ይምረጥ።

አራተኛ፣ የብየዳ ዕቃ በጥንቃቄ ይያዝ። የኦክስጅንና የአሴቲሊን ሲሊንደሮች ቆመው፣ በሰንሰለት ታስረው፣ አየር በሚያገኝ ስፍራ ይቀመጡ፤ የኦክስጅኑን መክፈቻ ዘይት ወይም ግራሶ የነካው እጅ አይንካው፤ እሳት ያስነሣልና። የብየዳ ዘንጎች በክረምት እርጥበት እንዳይጠጡ በደረቅ ሣጥን ይጠበቁ። የዘመኑ መሣሪያዎች በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ስለ ሆኑ፣ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪውንና የኮምፒዩተሩን መስመር መንቀል ግድ ነው፤ ይህን የረሳ በያጅ በአንድ ስንጥቅ ፈንታ መላውን መሣሪያ ያሳውራል።

አምስተኛ፣ የሞተር ዘይት፣ የሃይድሮሊክ ዘይትና የማርሽ ዘይት ለየብቻቸው በተዘጋ ገንዳ፣ በየራሳቸውም ፓምፕና ቱቦ ይሁኑ። በሃይድሮሊክ ፓምፕ ውስጥ ያለው ክፍተት ከጠጉር የቀጠነ ነው፤ አንድ ቆንጥር አቧራ የገባበት ዘይት ፓምፑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የተለወጠውም አሮጌ ዘይት በሌላ ገንዳ ተመልሶ ይምጣ እንጂ በሜዳ አይፈስስ። በጉለሌ ጅረት የተደፋ ዘይት ቁልቁል ወርዶ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በአቃቂ ወንዝ ደግሞ አትክልት የሚያለማ ገበሬ አለ። እርሻን ለመርዳት የወጣ መኪና እርሻን ቢያበላሽ ነውር ነው።

ስድስተኛ፣ የሥራ ጠረጴዛ ከነሞርሳው፣ ትራፓኖ፣ ክሪክ፣ ፓራንኮ፣ የቱቦው ፕሬስ፣ መብራት፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ ከስፍራቸው አይጉደሉ። እያንዳንዱ ቁልፍ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ የቁልፉ ቅርጽ በቀለም ይሣል፤ ማታ ሲቆጠር የጎደለው ባዶ ቦታው ራሱ ይናገራል። ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔትና ቡሎን የሚጫኑት በግምት ሳይሆን ባለፈው ዓመት መዝገብ ላይ በብዛት የተሰበረው እየታየ ይሁን።

መኪናው ይህን ሁሉ ቢይዝም ፋብሪካ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ሞተር ሙሉ በሙሉ መፍታት፣ የናፍጣ ፓምፕ መለካት፣ ትልቅ ዘንግ በቶርኖ መላግ ንጹሕና ጸጥ ያለ ቤት ይፈልጋል። ደንቡ አጭር ነው፤ በማሳ ላይ የተበላሸው ክፍል ይለወጣል፤ የተለወጠው ክፍል በጋራዥ ይታደሳል። ይህን ደንብ የጣሰ መካኒክ ሞተሩን በነፋስ መካከል ፈትቶ ሳምንት ሲያድርበት ሌሎች አሥር መሣሪያዎች ይጠብቁታል።

ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ሰው ነው። ቢያንስ አንድ የበሰለ መካኒክ፣ አንድ በያጅና አንድ ረዳት አብረው ይውጡ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደቀ መዝሙር ከመምህሩ እግር ሥር ሳይለይ ዜማውንም ቅኔውንም እንደሚቀስም፣ ረዳቱም ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ራሱን ችሎ ሌላ መኪና እንዲረከብ ታስቦ ይመደብ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣው ወጣት መጽሐፉን ያውቃል፤ ሽማግሌው መካኒክ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ይለያል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሙያ ይሞላል። የውሎ አበላቸውም ሳይዘገይ ይከፈል። አበሉ የዘገየበት መካኒክ በየማሳው የገበሬውን እጅ ማየት ይጀምራል፤ ይህም ከተጀመረ መኪናው ወደሚከፍለው እንጂ ወደ ተቸገረው አይሄድም።

አሁን የሚነገረው ነገር ለሹማምንት ጆሮ ሊከብድ ይችላል፤ ሆኖም ሳይነገር መቅረት የለበትም። እንዲህ ያለው መኪና የሚሞተው በመንገድ ክፋት አይደለም፤ ለሌላ ሥራ በመታዘዝ ነው። ዛሬ ለስብሰባ እንግዳ ይጭናል፤ ነገ ለሠርግ ድንኳን ያመላልሳል፤ ከነገ ወዲያ ጄኔሬተሩ ወርዶ የጽሕፈት ቤት መብራት ይሆናል፤ ቁልፎቹም አንድ በአንድ በውሰት ይበተናሉ። በመጨረሻ ከመኪናው ላይ የሚቀረው በበሩ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ሲሰጥ የሥራው ደንብ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ከጥገና በቀር ለሌላ ነገር የሚያዝዝ ሹም ትእዛዙን በፊርማው ያኑር። የጥሪ መዝገብም ይኑር፤ ጥሪው የመጣበት ሰዓት፣ መኪናው የደረሰበት ሰዓት፣ የተሰበረው ክፍልና መሣሪያው የተነሣበት ሰዓት ይጻፍበት። ተራውም በመዝገቡ እንጂ በዝምድና ወይም በማዕረግ አይሁን። የባለ ብዙ መሬቱ ትራክተርና የትንሹ ገበሬዎች ማኅበር ትራክተር በዝናብ ፊት እኩል ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲባል ሁለትና ሦስት ትራክተር ብቻ ያለው ወረዳ ለብቻው ትልቅ የጥገና መኪና ይግዛ ማለት አይደለም። እንደዚያ ያለው ወረዳ ከጎረቤቶቹ ጋር ወጪውን ተካፍሎ አንድ መኪና በጋራ ቢያቆም፣ ወይም ለጊዜው በትንሽ መኪና ላይ የቱቦ ፕሬስ፣ የብየዳ ዕቃና የዘይት ፓምፕ ብቻ አሰናድቶ ቢጀምር ይበቃዋል። የእህሉ ወራት ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ለምሳሌ በባሌ ደጋ እህል በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚታጨድ፣ ኮምባይነሮች ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እየተጓዙ ያጭዳሉ፤ የጥገናው መኪናም ከነርሱ ጋር ሊጓዝ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በአጎራባች ሹማምንት መካከል ስምምነት ነው።

እንግዲህ የሚመጣው ዓመት በጀት ሲሰናዳ፣ አዲስ መሣሪያ ይገዛልን የሚለው ማመልከቻ ከመፈረሙ በፊት በየግቢው የቆሙት መሣሪያዎች ይቆጠሩ፤ ስንቱ ስንት ቀን እንደ ቆመ፣ በምንስ ምክንያት እንደ ቆመ ይጻፍ። ያ ዝርዝር ራሱ ምን መግዛት እንደሚገባ ይመሰክራል። ገበሬው ከመንግሥት የሚጠብቀው በበዓል ቀን በሰልፍ የሚታየውን የትራክተር ብዛት አይደለም፤ ስንዴው በደረሰበት ቀን የሚሠራውን አንዱን ኮምባይነር ነው። ይህ እንዲሆን የሚያደርግ አስተዳዳሪ አገሩን በእውነት አለማ።